አንድ ዲግሪ

ነጯ ቪትዝ ከሮቢት ወጥታ ጋራዤ በር ላይ ቆመች፤
ቢጫ መብራቷን አብርታ፣ እንደ ታማሚ አለከለከች።
«ጣርማበርን ስወጣ ደከመች» አለ ጋሽ ደምሰው፣
«ሦስት ሰው ብቻ ነው የጫንኩት፣ ያውም ቀጫጭን ሰው።
እስኪ ጠይቂያት፣ ብርቄ፤ ካንዴላ ነው? ወይስ ዓይን ነው የበላት?»
ገመዱን ሰካሁና ራሷን ጠየቅኋት።

ሰው አፍ አለው፣ ያሳምራል፤
ማሽን የሰማውን ነው የሚጽፈው።
ከሲሊንደሩ ጎን፣ በአንድ ብሎን የታሰረች፣
የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጆሮ አለች።
ጥሩምባ አትሰማ፣ የረዳት ጩኸት አትሰማ፤
የምትሰማው አንድ ነገር ነው፦
ቤንዚን ካንዴላው ሳይጠራው በራሱ ጊዜ ሲፈነዳ፣
ፒስተኑን በመዶሻ እንደመታ፣ ቋ! ቋ! ሲል በጓዳ።

ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አይቆጣም፣
መንገድ ላይ አስቁሞም አያዋርድም፤
ብልጭታውን ብቻ ያዘገያል፣
ሁለት ዲግሪ፣ አራት ዲግሪ፣
«ቆይ፣ ይህን ነገር አላመንኩትም» እንደሚል ሰው።
ጉልበቷ ይቀንሳል፤ ሞተሯ ግን ይተርፋል።

በነዳጅ ክዳኗ ውስጥ፣ በጃፓን ፊደል፣
የምትሻው ዓይነት ተጽፏል፤
እኛ ጋ ግን ስሙ ቤንዚን ነው፣ የመጣው ይገባል።
ደብረ ብርሃን ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚቆረጥምበት ከፍታ፣
አየሩ ስስ ነው፤ ለክፉ ቤንዚንም ያደርጋል ይቅርታ።
ቆላ ወርደህ፣ ሮቢት ላይ፣ አየሩ ግሎ ሲወፍር፣
ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው የጀሪካኑ ምስጢር።

ቁጥሩን አነበብኩ፤ ስምንት ዲግሪ ወደ ኋላ።
የሰልባቲዮውን ክዳን ከፍቼ አሸተትኩ።
ነጭ ጋዝ።
የኩራዝ ሽታ፣
እኔና ታናሼ በአንድ ደብተር ላይ ተደፍተን ያጠናንበት።

«ከማን ቀዳህ?»
«የማደያው ሰልፍ እስከ ከብት ተራ ደርሶ!
ከድልድዩ ማዶ አንድ ልጅ በቢጫ ጀሪካን ይሸጣል፤
ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤
አፉ ማር ነው፣ ‹አባቴ፣ ንጹሕ ነው፣ ከቦቴ የወረደ› ይላል።»

መፍቻው ከእጄ አልወደቀም።
ያን እግር አውቀዋለሁ፤
ከባሕር ዛፍ ወድቆ ሲሰበር
ወጌሻ ቤት ድረስ ያዘልኩት እኔ ነኝ።
ወንድይፍራው።
የእናታችንን የመሬት ካሳ ይዞ የጠፋው፣
ሁለት ፋሲካ ድምፁን ያላሰማኝ፣
«እመልሳለሁ»ን ብቻ ያስቀረልኝ።

ለጋሽ ደምሰው ስሙን አልነገርኩትም።
«ይህ ይውጣና ንጹሕ እንሞላለን» አልኩት።
«ዛሬውኑ ትሮጣለች?»
«ቀስ ብላ ነው። ይህ ኮምፒውተር ለመሸሽ ይፈጥናል፣
ለመመለስ ግን ይዘገያል፤
አንድ ዲግሪ ይጠጋና ጆሮውን ያቆማል፣
ካልተንኳኳ ደግሞ ትንሽ ይጠጋል።»
«ባትሪውን ብንነቅልስ? ይረሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።»
«ይረሳል። የረሳ ግን እንደ አዲስ ያምናል፤
ያው ጀሪካን በማግስቱ ቢመጣ
የመጀመሪያውን መዶሻ የሚቀበለው ፒስተኑ ነው።»

መቶ ብር ጎድሎት፣ ነገ ብሎኝ ሄደ።

ማታ ጋራዡን ስቆልፍ
ነጭ ጋዙ ከእጄ አልለቀቀም፤ ሁለቴ በኦሞ ታጥቤ።
ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን አልሰረዝኩትም ኖሯል።
ባትሪ ነቅሎ መርሳት እኔ አልችልበትም።
ደወልኩ።
አንዴ ጠራ።
ሳያነሳው ዘጋሁት፣
ጆሮዬን አቁሜ ብርዱ ውስጥ ቆየሁ።

ቋ የሚል ነገር የለም።

ነገ፣ ምናልባት፣ ሁለቴ እንዲጠራ እተወዋለሁ።