አኩራፊዋ ክር

እኔ ኤውፍሮሲና፣ የፓራቾ ልጅ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዶን ኢላርዮ ደጅ
የጊታር አንገት ነው የላግሁት በእጅ።
ዝግባውን ከጫካ ሌሎች ያመጡታል፣
ጎኑን በእሳት አሙቀው ሌሎች ያጎብጡታል፤
ለእኔ የሚደርሰኝ አንገቱ ብቻ ነው፣
በብርጭቆ ወረቀት የማለሰልሰው፣
ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአውራ ጣት ዳብሼ፣ ጉድፉን የማውቀው።
ስንት አንገት አቅንቼ ለስንቱ አስረከብሁት!
የማን ጭን ላይ እንዳረፈ፣ ምን ብሎ እንዳለቀሰ፣ አንዱንም አልሰማሁት።

አምና ግን አንድ ጊታር ጀርባው ተሰነጠቀ፣
ከገበያ ወደቀ።
«ከደመወዝሽ አንቆርጥም፤ ውሰጂው» አሉኝ፣
ቸርነት መስሏቸው መከራ ሲሸልሙኝ።
በሻሌ ጠቅልዬ ይዤው ገባሁ ቤቴ፣
አልጋ ላይ አስተኛሁት እንደ አራስ ልጅ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ።

አስተማሪዬ ኡባልዶ፣ ጢሙ ያላቆጠቆጠ፣
የአያቱን እኩያ «ተሳስተሻል!» ሲል ቅንጣት ያልደነገጠ፤
ዋጋው ስድስት ታማሌ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ከነእንፋሎቱ፣ ቅጠሉ ሳይፈታ።
«ይኼ ላ ነው፣ ይኼ ሚ» አለኝ፤ እሺ ብዬ ያዝሁት፣
በወር በሁለት ወር እንደምንም ለመድሁት።
ከዚያ «ፋ» መጣ።

«ፋ» ማለት በአፍ ቀላል፤
በእጅ ሲሆን ግን ሌባ ጣት ይጋደምና ስድስቱን ክር ይጫናል፣
እንደ በር መቀርቀሪያ፣ ወዲያ ወዲህ ሳይል።
ሌባ ጣት ይሏታል፤ የእኔዋስ መቼ ሌባ ሆና ታውቃለች፣
ስድስት ክር ፊት ስትቀርብ እጇን ትሰጣለች።
ጥዝዝ... ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ፣
እንኳን ዜማ ሊሆን፣ ለጆሮም አይቀርብ።
ጣቴ ተላጠ፤ ያን ሁሉ ዘመን የእንጨት ስንጥር
ያልበገረው ጣት፣ ተንበረከከ ለክር።
ባሌ ዴልፊኖ ደግ ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣው፤
ብቻ ጊታሩን ሳነሣ «ውሻው መናፈስ አማረው»
ብሎ ይዞት ይወጣል፤ ውሻው ግን እንቅልፍ ላይ ነው።

አንድ ማታ ተናደድሁ። «ጣቴ ምን አጠፋ?
ጠማማው አንገቱ ነው!» ብዬ የዕቃ ሳጥኔን ስደፋ
ማስመሪያዬን አገኘሁ፤ አጋደምሁ፤ አንድ ዓይኔን ከደንሁ፣
ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት በዚያም በዚህም ፈለግሁ።
የለም። ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ እውነተኛ ምስክር ቃል።
ከተረከዙ ሥር ደግሞ በእርሳስ የተጻፈች «ኤ» ትታያል፤
የእኔው ምልክት፣ የእኔው እጅ ሥራ።
ከሳሽም ተከሳሽም እኔ፤ ማንን ለዳኛ ልጥራ?

ያኔ ትዝ አለኝ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ የገባሁ ሰሞን፣
አንዱን አንገት ሳሳሳው፣ አንዱን ሳጎብጠው፣ ያበላሸሁትን።
ዶን ኢላርዮ አይቆጣም፤ ከእጄ ይወስድና
ሙጫ ከሚፈላበት ምድጃ ይከታል፣
«ይኼም ሥራ ሠራ፤ ሙጫ አሞቀ» ይላል።
አርባ አንድ ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።
አርባ ሁለተኛውን ዳበሰ፣ ደገመ፣ ቃል ሳይወጣው
ከደህናዎቹ ጋር አቁሞት ሄደ፤
ያን ዝምታ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ታዲያ «ፋ»ን ስንቴ ነው የገደልሁት? መቶ ጊዜ? ሺህ ይሆናል?
ምድጃ የገባ እንጨት ግን የለም፤
ያባከንሁት አየር ነው፤ አየር ደግሞ በፓራቾ ሞልቷል።

ትናንት ማታ ዝናቡ ጣሪያውን ሲቀጠቅጥ፣
ማንም አይሰማኝ ብዬ፣ ሳልጣደፍ፣ ሳልቁነጠነጥ፣
ክርኔን ወደ ጎኔ ሰብስቤ፣ ልጁ እንዳለኝ፣
ጣቴን አጋደምሁ፤ አንድ በአንድ ነካኋቸው፤
አምስቱ አወሩኝ።
አንዷ ግን አኮረፈች፣ ከታች ሁለተኛዋ፤
መብቷ ነው አልሁ፤ ነገም አለች፤ የት ትሄዳለች፣ እዚሁ ነው ጓዳዋ።
ጊታሩን ሰቅዬ ለሐሙስ የሚሆን ሊጥ አቦካሁ።

ዴልፊኖ ከነውሻው በስብሶ ገባ።
«ዛሬስ?» አለኝ።
«አምስት» አልሁት።
«ከስድስት?»
«ከስድስት።»
ውሻው ውኃውን አራግፎብኝ እግሬ ሥር ተኛ።