የቡክ እንጨት

በሞራቪያ ጫካ፣ ከወንዙ ማዶ፣
ወርክሾፓችን አለ፣ ጣራው በረዶ፣
ውስጡ ግን እንፋሎት። ኦታካር አባቴ
ያስተምረኝ ነበር ገና በልጅነቴ፦

«ዝናብ ላይ አትተዪው፣ ቡክ ውሃ ይወዳል፤
ይጠጣል፣ ያብጣል፣ በሁለት ክረምት ይናዳል።
ለሥጋ መክተፊያ፣ ለሕፃን አልጋ
ጣዕም አያበድርም፣ ሽታ አያስጠጋ።»

ሲልጉት ገላው ቀላ፣ ነቁጡም ጥቃቅን፣
ጉንዳን የረገጠው ይመስላል ሊጥን።

ከእንፋሎት ሣጥኑ ሲወጣ ተኩሶ፣
ያ ደንዳና እንጨት እንደ ቆዳ ለስልሶ፣
«ጎትቺ!» ይለኛል፣ «ቶሎ፣ ሳይበርደው!»
በብረቱ ቅርጽ ላይ አንገቱን ስንደፋው።

አንድ ቀን ዘገየሁ፣ ደብዳቤ ይዤ፣
የቪቴክን ቃል ሳነብ ፈዝዤ።
እንጨቱ በረደ፤ ጮኸ፣ ተሰነጠቀ።
አባቴ አልተቆጣ፣ ምንም አልጠየቀ፤

በማግስቱ ጧት ከስባሪው ጠርቦ
ማንኪያ ሰጠኝ፣ በተልባ ዘይት አጥቦ።

እሱም አለፈ። ቪቴክም አልመጣ።
ስንጥቁ ግን አለ፣ ከእጀታው አልወጣ።
ዛሬ ሾርባ ሳማስል፣ ምድጃው ዳር ቆሜ፣
ድንች ድንች ይላል፣ ስቀምስ ደጋግሜ።

ጨው ያንሰዋል።