የሸጥነው ግማሽ ቀን

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጫለሁ፤
የሴኖቢያን ወሬ ከጎኗ ሰምቻለሁ፤
የት ላይ እንደምትስቅ፣ የት ላይ እንደምትስል፣
የት ላይ ጣቷን ሰቅላ ዝም እንደምትል፣
በቃሌ ይዤዋለሁ እንደ መቁጠሪያ ጸሎት፤
እኔን ግን ማን ጠየቀኝ? ሾፌር ምን አውቆት!

ሰሜኑ ነፋስ ሌሊቱን ወደቡን ሲደበድብ አድሮ፣
ጠዋት ስትመጣ ድምጿ የለም፤ አንገቷ በሻሽ ታስሮ።
አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤
አሥራ አራት እንግዳ ሚኒባሱ ደጅ ሲደረደር፣
ማይክሮፎኑን ከአንገቷ አውልቃ በአንገቴ አጠለቀች፤
በዓይኗ «በል እንግዲህ» ብላ ከኋላ ወንበር ተደበቀች።

ጀመርኩ። በእሷ ቃል ጀመርኩ፤ የእሷን ሳል ሳይቀር ሳልኩ።
«ክቡራን እንግዶች፣ በስተቀኝ ባሕሩን እዩልኝ» አልኩ፤
ባሕሩ ጭቃ መስሏል፣ የሚታይ ነገር የለውም፤
ግን እዚህ ጋ «እዩ» ይባላል፤ እኔ የሰማሁትን አልለውጥም።

ላ አንቲጓ ደረስን። ጣራ የሌለው ግንብ፣
የዛፍ ሥር እንደ ገመድ ወርዶ መስኮቱን ሲከብብ።
«የካፒቴኑ ቤት ነው ይላሉ» አልኩ፤
«ይላሉ» ላይ እንደ እሷ ቅንድቤን ሰቀልኩ።
«ጡቡን የያዘው ዛፉ ነው፤ ዛፉ ቢቆረጥ ይፈርሳል፤
ድል አድራጊ ቤት ይሠራል፣ ቤቱን ሥር ይወርሳል።»
ሳቁ። የእሷ ቀልድ ነው፤ ሁልጊዜ እዚህ ይሳቃል።
ከሞንቴሬይ የመጣችው ሴትዮ መጸዳጃ ቤት ጠየቀች
(ዐሥር ፔሶ ነው፣ ሳሙና የለውም፤ ይታወቃል)።

ከዚያ ወደ ወደቡ ተመለስን። ክሬን፣ ኮንቴይነር፣ የናፍጣ ሽታ፣
በመሃል የሳን ሁዋን ደ ኡሉዋ ምሽግ እንደ አሮጊት ተጎልታ።
እዚህ ሴኖቢያ የምታወራው ስለ ብር ነው፦
ከተራራው በበቅሎ ወርዶ፣ በመርከብ ስለሚሻገረው፤
ስለ ባሕር ወንበዴ፣ ስለ መድፍ፣ ስለ እስር ቤቱ ጨለማ፣
«ገነት»፣ «መንጽሔ»፣ «ሲኦል» የሚል ስም ስለወጣለት ለጠባብ ማማ።
ልቀጥል ስል እጄ ግድግዳውን ነካ።
ረጥቧል። እንደ ሰው ያልበዋል ለካ!

አንዱ ጎልማሳ ጠየቀኝ፦
«ይህን ሁሉ መድፍ ችሎ ቆመ፤ ግንቡ በምኑ ይኮራል?»
«ግንቡማ» አልኩት፣ «ጌታዬ፣ ድንጋዩ ሁሉ የኮራል።»

ከዚያ በኋላ አፌ ብቻውን ሄደ።
«ኮራል ከባሕር ነው የወጣ፤ በገዛ እግሩ አልመጣም፤
ትንፋሹን ውጦ የጠለቀ አለ፤ የጠለቀ ሁሉ ግን አልወጣም።
የመድፉ ክብደት ተጽፏል፤ የጠላቂው ስም አልተጻፈም።
መንደሬ ማንዲንጋ ትባላለች፤ ቃሉ እስፓንኛ አይደለም፤
ከውቅያኖስ ማዶ ነው የመጣ፤ ማን አፍ ላይ እንደመጣ መዝገብ የለም።
አጎቴ ኤሌውቴሪዮ እስከ አራት ትውልድ ይቆጥራል፤
ከዚያ በላይ ስትጠይቀው፣ አገጩን ወደ ውሃው ያዞራል።»

ድምፄ ግንቡን መትቶ ተመለሰ። የእሷ አልነበረም።
አንዱ ሰዓቱን አየ፤ ሌላው መዳፉን ግድግዳው ላይ አኖረ፣
ሳያነሳም ቆየ።
የሞንቴሬይዋ ሴትዮ ስልኳን ቦርሳዋ ከተተች፤
ሴኖቢያ ከቅስቱ ጥላ ሥር ሆና ታየኛለች።

እኩለ ቀን አልፎ፣ ምሳ አልፎ፣ ሰዓቱ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤
ስንመለስ ጉርሻው ከወትሮው አነሰ።
ሳንቲሙን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እኩል ለሁለት ከፈለች፤
ከአሮጌ ቲኬት ጀርባ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦
«አንተ ሰውዬ! የሸጥነው እኮ ግማሽ ቀን ነው።»

ከሥሩ ደግሞ፣
እስኪርቢቶው ቀለሙን እየሰሰተ፣
«ነገ ግን ከግንቡ ጀምር።»