የተዋሰው ቆብ

ከአራዳ በረንዳ፣ ከሲንጀሬ አጠገብ፣
የሐምሌው ዶፍ ዝናብ ጥቂት ሲል ረገብ፣
ሱክዴቭ ማህቶ መጣ፣ ሒሳብ አስተማሪው፣
ሰፈሩ በሙሉ «ህንዱ» ብሎ የሚጠራው።
ቆቡን አወጣልኝ፣ ያንን ያረጀውን፣
ባለቀይ ጥለቱን፣ ጠርዙን ብል የፈጀውን።
«ጣፍልኝ» አለና ሳቅ ቢጤ አነቀው፤
«የእኔ አይደለም» አለኝ ገና ሳልጠይቀው።

«ይኼ የደጋው ነው፤ እኛ ቆለኞቹ
ቆብ አናውቅም ነበር። ግን ጸሐፊዎቹ
‹ያለ ቆብ አይሆንም› አሉ፤ አባቴ ተዋሰ፣
ለዜግነት ፎቶ ዓመት ተመላለሰ።
ያዋሰው ሰው ሞተ፤ ቆቡ እኛ ቤት ቀረ፣
ደፍተነውም እንኳ ‹ህንድ› መባል ነበረ።
ጎንደር ስመጣማ፣ ልጆች ‹ህንዱ!› ሲሉኝ፣
ሀገሬ የገባሁ መሰለኝ፣ እመነኝ።
ልጄ ነው ከኳታር ‹ላክልኝ› ያለኝ አሁን፤
እዚያ ደጋ ቆላ አይለዩም፤ ሁሉን
‹ኔፓሊ!› ይለዋል አሠሪው ሲቆጣ።
በስድብ አንድ ሆነን!» አለ። ሳቁ መጣ።

እኔ ዝም። መርፌዬን በጥርሴ እንደያዝሁ
ትናንት ቀበሌ ላይ የሆነውን አሰብሁ፤
‹ብሔር› ከሚለው ፊት ብዕሯን ገትታ
አየችኝ ጸሐፊዋ፣ የአያቴን ስም ሰምታ።
ምን እንዳስጻፍኋት ለእሱ አልነገርሁም።
ለጠርዙ የሚሆን ቀይ ክር አልነበረኝም፤
ከሙሽራ ቀሚስ ከተረፈ ጥለት
ቅዳጅ ቆረጥሁና ዙሪያውን ጣፍሁለት።

«ምን ልክፈል?»
«ሂድ ባክህ፣ ዝናቡ ሳይደግም።»
«ለዛሬ» አለና ደፍቶት ወጣ።
አንድ ልጅ ከባጃጅ ውስጥ «ህንዱ!» ሲል ጮኸበት፤
ሱክዴቭ ቆመና ቆቡን አነሣለት።