ሦስተኛው ቀዳዳ

በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር፣ ጎን ለጎን፣
ሁለቱም የመኪና፣ ሁለቱም የሕፃን፣
መሃላቸው እኔና እንዳላማው ቁጭ ብለን
የሐይቁ ነፋስ እስኪነሳ እንከራከራለን።
ሽምብጥ በዚህ ሰዓት ቅጠል አያወዛውዝም።
ልጁ አምስት ቀኑ፣ ውስጥ ተኝቷል፣
ስም ገና የለው፤
ሰኞ ግን ቀጠሮ አለው፣
ፈለገ ሕይወት፣ በአባቱ ቪትስ፣
በነዚያ ሁሉ ጉብታዎች ላይ።

አሮጌው ከፈንታዬ ቤት የመጣ፣ ከእህቱ፣
ሰማያዊ ነበር፤ ፀሐይ በልታው አመድ መሰለ ፊቱ።
የዚህን ጠፍር ላውርድ ብለህ ስትነሳ
ወንበሩን በፊቱ ትደፋለህ፣
ከጀርባው ያለችውን ብረት በዳበሳ ታገኛለህ፣
ጠፍሩን ከብረቷ ታላቅቃለህ፣
ከላይኛው ቀዳዳ ወደ ፊት ስበህ
በታችኛው መልሰህ ታስገባለህ፣
ግራው ሲገባ ቀኙ ይጠማዘዛል፣
ቀኙን ስታቃና ግራው ያመልጥሃል።
«ይሄ ወንበር ነው ወይስ የሸማኔ ዕቃ?»
ይላል እንዳላማው፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ጠብ ሲል
ሳቄን በነጠላዬ ያዝኩ፣
ስስቅ ስፌቱ ያመኛል።

አዲሱ (አዲስ እንኳ አይደለም፣ ለኛ ነው አዲስ)
ቀበሌ አሥራ አራት፣ ከጎማና ከባትሪ መሃል የተገኘ፣
ከራስጌው ቀይ ቁልፍ አለው።
ጨብጠህ ሽቅብ ብትለው ራስ ማስደገፊያው ሽቅብ፣
ጠፍሮቹም ተከትለውት ሽቅብ፤
ቁልቁል ብትለው ቁልቁል።
ከእግሩ መሃል አንዲት ጭራ ተንጠልጥላለች፣
ሳብ፤ ደረቱ ላይ ጥብቅ።
በአንድ እጅ!
«ይኸውልሽ» አለኝ፣ «ክርክሩ አለቀ።»

አላለቀም።
ሦስት ኪሎ ምስር በፎጣ ጠቀለልኩ፣
ልጁም ሦስት ኪሎ ከምናምን ነው፣
አንዱ ላይ አሰርኩት፣ ከዚያም ሌላው ላይ፣
እንዳላማው የሐሙሲትን መንገድ ሆኖ ነቀነቃቸው።
ምስሩ ከሁለቱም አልወደቀም።
ሲስተር ውዴ ያለችኝ ትዝ አለኝ፦
ትከሻው ላይ ጠፍሩን ቆንጥጪው፣
በጣትሽ መሃል እጥፋት ከተያዘ ላልቷል፣
ከሾለከሽ ልክ ነው።
ጋቢ ደግሞ ከጠፍር ሥር አይገባም፣
ጋቢው ሲጨመቅ ጠፍሩ ይላላል፤
መጀመሪያ እሰሪ፣ ኋላ አልብሺ።
ቆነጠጥኩ፣ ደግሜ ቆነጠጥኩ።
ምስር ጠበቀኝ ብሎ አያለቅስም።

እናቴ ቀዳዳ አልቆጠረችም።
ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣
የአንቀልባውን ጠፍር ሳብ፣ ከዚያ ቀና፤
ከላላ ጀርባዋ ይነግራታል።
ወንበር ግን ጀርባ አለው እንጂ አይሰማውም።

አሮጌውን ገልብጬ ሳየው
ከየቀዳዳው አጠገብ የፈንታዬ ጽሕፈት፦
ከታች «ጥቅምት»፣ መሃል «መጋቢት»፣
ከሦስተኛው አጠገብ «ነሐሴ፣ ጥርስ አራት»።
ጠፍሩም ብረቷ በነከሰችው ቦታ ሁሉ መስመር ይዟል፣
ሦስት ጊዜ የታጠፈች ሐመልማል።
ትናንት መጥታ «የኔ ነው» ብላ ተቀምጣበት
ጉልበቷ አገጯን ነካው፣ ተናዳ ወጣች።
እኛም ከሦስተኛው ነቅለን ወደ አንደኛው ስናወርድ
የሰው ልጅ ዕድገት የምንፈታ መሰለኝ።

ግን ራሴን አውቃለሁ።
እየዘነበ፣ ልጁ እየጮኸ፣
ከኋላ ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋ
ማን ወንበር ይደፋል?
ነገ አስተካክለዋለሁ እላለሁ፣
ነገም ነገ ይላል፣
ጠፍሩ እንደላላ፣ መኪናው ይሄዳል።
ቀዩ ቁልፍ ይሁን አልኩ።
እንዳላማው ያሸነፈ መስሎት ፉጨት ጀመረ።

ነፋሱ ተነሳ፣ የዓሣ ሽታ ይዞ።
ቀዩን ቁልፍ ሽቅብ ቁልቁል፣ ሽቅብ ቁልቁል አደረግሁት፣
ይንሸራተታል፣
የት እንደነበረ አይናገርም።
እስክሪብቶ አመጣሁ።
ከቁልፉ ጎን፣ ፕላስቲኩ ላይ፣
ከመጨረሻው ዝቅታ ትይዩ
አንዲት መስመር አሰመርኩ፣ ወሩን ጻፍኩ፣
ለስሙ ክፍት ቦታ ትቼ።