የሁለታችን ሒሳብ

ሠላሳ ስድስት ዓመት በክላይፔዳ ወደብ
ክሬን ላይ ተቀምጬ፣ ለባልቲክ ባሕር ቅርብ፣
ሥራዬ ሚዛን ነበር፦ ስንት ቶን፣ የት ይረፍ፣
ገመዱ ስንት ይችላል፣ ነፋስ መጥቶ ሲያልፍ።
አንተም ሚዛን ነህ አሉ።
እስቲ እንተያይ፤
ሰውን በምን ትመዝናለህ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ቆመህ፣ ሳትታይ?

የጎረቤት ልጅ ማንታስ አንድ ቀን አስረዳኝ፤
ጣቱን እያንሸራተተ ቀስ ብሎ ነገረኝ፦
«ይቆጥራል እንጂ አያውቅዎትም፤
ስምዎ ቢቀየር ግድም የለውም።
የቱ ላይ ቆሙ? የቱን ዘለሉ?
የቱን ጨረሱት፣ የቱን ግማሹ ላይ ጣሉ?
ከዚያ እርስዎን የሚመስል ሌላ ሰው ሽቶ፣
ማኒላም ይሁን ፖርቶ፣ ዓመልን ከዓመል አስጠግቶ፣
እሱ የወደደውን ለእርስዎ ያቀርባል።
ካዩለት ይደግማል። ካላዩት ይረሳል።»

እኛ ቤት ታብሌቱ አንድ፣ አካውንቱም አንድ ነበር፤
ዳንጉኦሌና እኔ፣ አንዳንዴም በአንድ መነጽር።
እኔ የመርከብ ምርቃት፣ ብየዳ፣ የዛገ ሞተር ሲነሳ፤
እሷ የንብ ቀፎ ሲከፈት፣ ሹራብ ሲጠገን፣ ከበረዶ ሥር የሚወጣ ዓሣ።
አንተም ይህን ሁሉ ደማምረህ አንድ ሰው ሠራህ፤
ዝገትና ማር የሚወድ፣ ግራ የገባው ፍጡር መሰለህ።
ቄሱ በሠርጋችን ቀን «አንድ ሥጋ ናችሁ» ብለው ነበር፤
ቃላቸውን እንዳለ ያመነ አንተ ብቻ ነህ፣ በምድር።

የካቲት ላይ ሞተች።
ጡረታ ቢሮው አወቀ፤ ባንኩ ስሟን ሰረዘ፤
ካፖርቷ ከበር ኋላ ተሰቅሎ አቧራ ያዘ።
አንተ ግን አልሰማህም። ማለዳ ማለዳ
ንብ ታቀርብልኛለህ፣ መርዶ እንዳልደረሰው እንግዳ።
መጀመሪያ ተናደድሁ። «ዝለለው» አልሁት ለጣቴ።
ጣቴ እምቢ አለ።
ንቦቹን እስከ መጨረሻ አየሁ፣ ብቻዬን፣ በቤቴ።

ግን አንድ ነገር ነበር፣ ያልገባኝ እስከ ትናንት፦
የቀይ ሥር ሾርባ ታመጣብኛለህ፣ ሁልጊዜ፣ በራት ሰዓት።
«ለጀማሪዎች» ይላል። ድንች ስንት ደቂቃ ይቀቀላል፤
የሱፍ ካልሲ በምን ያህል ሙቀት ይታጠባል፤
የወለቀ አዝራር በየት በኩል ይተከላል።
እኔ እንዲህ ያለውን ከፍቼ አላውቅም፤
ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ነፍስ የለም።

ማንታስ የታዩትን ዝርዝር ከፍቶ አሳየኝ፦
ጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ቃል አጠረኝ።
ጥር፣ እንደገና ዘጠኝ ሰዓት። ጥር፣ አሥር ሰዓት።
አርባ አንድ ዓመት ሾርባ የሠራች ሴት
ድንች መቀቀል ልትማር? በዚያ ሕመም፣ በዚያ ሌሊት?

አልተማረችም።
አንተን ነው ያስተማረችህ።
ታብሌቱን በጉልበቷ ደግፋ፣ ሳል እያቋረጣት፣
የምታውቀውን ሁሉ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አየችልህ፣
አንድም ሳትዘል፤
«ይህ ቤት ይህን ይወዳል» ብለህ እንድታምን፣
እሷ ስትሄድ ታስታውሰኝ ዘንድ፣ ቀን በቀን።
እኔ ከጎኗ ተኝቼ ነበር። አንኮራፋ ነበር ይሆናል።

ውለታ የለብኝም ለአንተ። ድንቹ መሐል ላይ
የጥርስ ሳሙና ትሸጥልኛለህ፣ ዓይኔን በዓይኔ እያየሁ፤
የምትፈልገው እንዳልነሳ ነው፣ ይህን ደግሞ እኔም አላጣሁ።
ቢሆንም ትናንት ማታ ሾርባውን ሠራሁት።
ጨው በዛ። ቢሆንም በላሁት።

ከራት በኋላ ንቦቹን ከፈትሁ። ያልታየ ይረሳል፣ አውቃለሁ።
እንቅልፍ ቢጥለኝ እንኳ አልዘጋውም፣ ይሂድ ብያለሁ፤
ቀፎው ተከፍቶ ይደር፣ ወንበሯም እዚያው ይሁን።
አንተ ቁጠር።
ስትቆጥር ግን፣ እንደ ለመድኸው አንድ አትበል፤
ዛሬ ሁለት ብለህ ጻፍ።