የሥራ ልምድ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጎን፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት
በየሰኞው እቆማለሁ፣ ፀሐይ ሳትበረታ በጥዋት።
የሒሳብ ሠራተኛ፦ ሁለት። ጥበቃ፦ አራት።
ጂኦሎጂስት፦ አንድ። የሥራ ልምድ፦ አምስት ዓመት።

አምስት!
ያለኝ ዲግሪ ነው፣ ከነፕላስቲኩ፣ ጫፉ ገና ያልታጠፈ፣
መዶሻ ነው፣ ከተማሪነት የመስክ ጉዞ የተረፈ።
ኮምፓስም አለኝ፤ ሰሜን በየት እንደሆነ የማይጠፋው፣
ደመወዝ በየት እንደሆነ ግን ስጠይቀው የሚከፋው።

አባቴ ከአዘዞ መተማ ሲኖትራክ ነው የሚነዳ።
«ማንጠግቦሽ በምን ተመረቀች?» ሲለው ማኅበርተኛ፣ ሲለው እንግዳ፣
«በድንጋይ» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያወራ ስለ ዕዳ።
«ድንጋይማ ከኛም አጥር ሞልቷል፣ ምነው ያንን ባነበበች!»
ይስቃሉ። እሱም ይስቃል።
ማታ ለእናቴ «ምናለ ሐኪም በሆነች» ይላታል፤
በግድግዳው ሰምቼ ዝም እላለሁ።
የጭቃ ግድግዳ ድምፅ እንደሚያሳልፍ፣ የጥቁር ድንጋይ እንደማያሳልፍ፣
እሱን እንኳ ተምሬዋለሁ።

ሠላሳ አንድ ነበርን፣ ካባ ለብሰን ቆብ የወረወርን።
ቢያድግልኝ ወርቅ ብሎ ሻኪሶ ወረደ፤ ወባ ይዞ ተመለሰ።
ፋንታነሽ ባንክ ገባች፤ «ብሩም እንደ ደለል ነው» አለችኝ፣
«ከላይ አዲሱ፣ ከሥር የበሰበሰ።»
ዘለቀ ደባርቅ ጂኦግራፊ ያስተምራል፣ ጠመኔ ይጨርሳል፣
«ጠመኔም ድንጋይ ነው» እያለ ራሱን ያጽናናል።
ስለሺ በመተማ አለፈ። ስልኩ ይጠራ ነበር እስከ ጥቅምት።
እናቱ ገበያ ስታገኘኝ ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች፤
ስለ እሱ አታነሣም፤ እኔም አላነሣባት።

በሰኔ አያ ውበቱ አስጠሩኝ፣ የኮብልስቶን ማኅበሩ ሊቀመንበር፣
ከቀሃ ማዶ፣ ፈላጮቹ ከሚውሉበት ገደል ሥር።
«ጸሐፊ አጣን። የተጠረበውን የምትቆጥር።»
«ልምድ የለኝም» አልኩ፣ ምላሴ ለምዶበት።
«ድንጋይ መቁጠር ምን ልምድ አለው? እስከ መቶ ትዘልቂያለሽ?»
«እስከ ሚሊዮን።»
ሳቁ። ተቀጠርኩ።

ልጆቹ ላይ ላዩን ይመታሉ፤ ድንጋዩ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፤
ከአሥር አንዱ ማዕዘን ያወጣል፣ ሌላው ለጠጠር ይጣላል።
ሦስት ቀን ቆጠርኩ። በአራተኛው
መዝገቡን አስቀምጬ መዶሻዬን አመጣሁ።
መታ፣ መታ አድርጌ ጆሮዬን ሰጠሁት፦
የታመመ ድንጋይ ድምፁ ድፍን ነው፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል።
«ቡናማው ዝናብ የበላው ነው። ሁለት ሜትር ውረዱ።»
«ጸሐፊ ነሽ ወይስ ጠንቋይ?» አለኝ ጓንጉል፣ ላቡን እየጠረገ።
ወረዱ።
በአንድ ምት ለሁለት ተከፈለ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ የነካው፣
መሐሉ ላይ ነጭ ዓይን፣ ያኔ ሲፈላ አረፋ የነበረ፣
ክሪስታል ጠጥቶ የቀረ።
«ዋጋ አለው?» አለ ጓንጉል።
«የለውም።»
«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

ክፍያው ገና ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል።
አባቴ ማታ ማታ «ስንት ቆጠርሽ?» ይለኛል፣
ቁጥሩን ማኅበር ላይ ይናገራል።

ያ ድንጋይ ግን፣ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ልምድ እያለው፣
ማመልከቻ ሳይጽፍ፣ ዋስ ሳይጠራ፣
ተጠረበ፣ ተቆጠረ፣
ፖስታ ቤቱ ፊት ተነጠፈ።

ሰኞ ነው። የሰሌዳው ቀለም በዝናብ ፈስሷል።
ጂኦሎጂስት፦ አንድ። ከዚያ በታች አይነበብም።
በቆጠርኩት ላይ ቆሜ
ጠጋ ብዬ አነባለሁ።